ሳይነሳ የደረሰው አይሱዙ

ቡና የጫነ አይሱዙ ገና ከኢዲዶ ሳይነሳ ዲላ ደረሰ ብላችሁ ታምናላችሁ? አታምኑም። ከዋሸሁ ግን የምሳፈርበት ባጃጅ ሁሉ ዳገት ላይ ይቁም! ነገሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው።

ደመላሽ ዲላ ውስጥ ለአንድ ቡና ነጋዴ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራ ነበር። ነጋዴው አቶ ወንድይፍራው ሦስት ሰርቨር አላቸው፤ አንዱ ዲላ መጋዘናቸው፣ ሌሎቹ ዱመርሶና ኢዲዶ ባሉት ቡና ማጠቢያዎቻቸው። መኪና ከጣቢያ ሲወጣ ሰዓቱ ይመዘገባል፤ ዲላ ሲገባም እንደዚያው። ሦስቱ ማሽኖች ግን እንደ ጣውንት ናቸው፤ አንዱ ሲቸኩል ሌላው ይንቀረፈፋል። ደመላሽ የዲላውን አለቃ አድርጎ፣ ሁለቱ በኔትወርክ ከእሱ ሰዓት እየጠየቁ እንዲሄዱ ሊያደርግ ተነሳ።

ሲነካካ አቶ ወንድይፍራው ከኋላው መጥተው ስክሪኑን አዩ።

«ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፣ ይሄ ስምንት ይላል? ቁርሱን ሳይበላ ምሳውን ጨረሰ እንዴ?»

«የፈረንጅ ሰዓት ነው ጋሼ።»

«ቡናዬን ፈረንጅ ነው የሚያጥበው? በሀበሻ አድርግልኝ!»

ደንቡ የማሽኑን ሰዓት ሳይነኩ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ብቻ መቀየር ነበር። ደመላሽ ይህን አያጣውም። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያለፋ ሥራ ነው፤ ሰዓቱን ራሱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መጎተት ደግሞ አንድ ጉርሻ አይሆንም። ጎተተው። የግቢው አውራ ዶሮ እንኳ ግራ ገብቶት ሳምንት ሙሉ ሳይጮኽ ሰነበተ።

«ጋሼ፣ ሦስቱም አሁን አንድ ልብ ናቸው» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ዱመርሶ እውነትም ተከትሎ ነበር። የኢዲዶ መስመር ግን በዝናብ ተቋርጦ፣ ማሽኑ በድሮው የፈረንጅ ሰዓት ይሄድ ነበር። ደመላሽ ይህን አላየውም። አልደወለምም። የሚገርመው፣ ኢዲዶ መኪና የምታስወጣው ሩቂያ ናት፤ ደመላሽ ደግሞ ሊያገባት በልቡ የያዛት፣ «ኮምፒውተርሽ ደህና ነው?» እያለ በየሰበቡ የሚደውልላት ልጅ ነበረች። ለሰበብ የሚደውለው ሰው ለቁም ነገሩ ሳይደውል ቀረ።

በማግስቱ ሩቂያ አይሱዙውን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አስወጣች፤ የኢዲዶው ማሽን በፈረንጅ ዘጠኝ ብሎ መዘገበ። ሾፌሩ ጋዲሳ ረፋድ አምስት ሰዓት ዲላ ገባ፤ የዲላው ማሽን በሀበሻ አምስት አለ። በዘጠኝ ተነስቶ በአምስት መድረስ እንዲህ ነው! ማታ መስመሩ ሲመለስ የኢዲዶው መዝገብ ዲላ ደረሰ፤ ማሽኑም ሹልክ ብሎ ሰዓቱን እንደ አለቃው አስተካከለ።

ጠዋት ሩቂያ ዲላ ተጠራች።

«መኪናው አምስት ሰዓት እዚህ ነበር» አሉ አቶ ወንድይፍራው። «አንቺ ዘጠኝ ሰዓት አስወጣሁት ትያለሽ! ሳታስመዝኚ ለቀሽ፣ ከሰዓት በኋላ ትዝ ሲልሽ መዘገብሽ!»

«ወላሂ ጋሼ፣ ጆንያውን አንድ በአንድ ቆሜ ነው ያስመዘንኩት።»

«አቦ ጋሼ፣ ይቺ ልጅ እኮ እኔንም ሚዛን ላይ ልታወጣኝ ነበር! በሦስት ሰዓት ነው የወጣሁት» አለ ጋዲሳ።

«አንተ ዝም በል! አብራችሁ ነው የበላችሁት!» ወደ ደመላሽ ዞሩ። «ሰዓቶቹ አንድ ናቸው ብለኸኛል። ናቸው?»

ሩቂያም አየችው። ደመላሽ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለ፤ ሦስቱም እኩል ይቆጥራሉ። የኢዲዶው ከመቼ ጀምሮ እንደተስማማ ለማየት አንድ ገጽ መክፈት ይበቃው ነበር። ጣቱ እዚያው ደርሶ ነበር እኮ! ከከፈተው ግን ያ የተነፋ ደረት በሰው ፊት ሊተነፍስ ነው።

«አንድ ናቸው» አለ።

ሩቂያ በዚያው ቀን ቁልፍ አስረከበች።

ደመላሽ ገጹን የከፈተው በሦስተኛው ቀን ነው፤ የኢዲዶው ማሽን የተስማማው አይሱዙው ዲላ ከገባ በኋላ ማታ መሆኑ ፊት ለፊት ተገትሮ ጠበቀው። ሮጦ ለአቶ ወንድይፍራው ተናዘዘ። እሳቸው ጭንቅላታቸውን አከክ አከክ አድርገው፣ «በላ ትመለስ በላት» አሉ፤ የተዋሱትን ጃንጥላ የሚመልሱ ያህል።

መናኸሪያ ደረሰባት፤ ቡሌ ሆራ እህቷ ዘንድ ልትሄድ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች።

«ሩቂያ፣ ማሽኑ ነው የተሳሳተው። ጋሼ ተመለሺ ብለዋል።»

«ማሽኑንማ ምን እለዋለሁ? አያውቀኝ» አለች። «አንተ ግን ታውቀኝ ነበር።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ኢዲዶ ሄጄ በሁሉም ፊት እናገራለሁ።»

«ተናገር። እኔ ግን እዚያ ቡና ማድረቂያው አልጋ ዳር አልቆምም። ሴቶቹ ከቡናው ጋር ስሜን ሲለቅሙት ሰነበቱ፤ የተለቀመ ነገር ዛፉ ላይ አይመለስም፣ ደሜ።»

ረዳቱ በሩን ደበደበ። መኪናው የሞያሌን መንገድ ሲይዝ ሩቂያ በመስኮት ዞር ብላ እጇን አውለበለበችለት።

ኢዲዶ ሄዶ መናገሩን ተናግሯል፤ ሰዎቹም ሰምተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንዲት ነገር ብቻ ከኪሴ እንደጨመርኩ ልናዘዝ። እጇን አላውለበለበችም። ደመላሽ መኪናው ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆሞ ነበር፤ እሷ ግን ዞር ብላ አላየችውም። እንዲያ ብዬ ልጨርሰው አንጀቴ እምቢ ብሎኝ ነው።