አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ

መምህር ሔሩይ ሰውን የሚንቀው ገና ሳይተዋወቀው ነው። ከደብረ ብርሃን መጥቶ ሓወልቲ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎችን ሒሳብ ያስተምራል። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ጸሐፊዋ፣ ሁሉም በእሱ ዓይን ወረቀት ፈላጊ እንጂ ተማሪ አይደሉም። ከሁሉ አብልጦ የሚንቃት ደግሞ የወሎዋን ጨርቅ ነጋዴ ጁዋይሪያን ነበር። ከሱቅ በቀጥታ ስለምትመጣ ክር በልብሷ ላይ ተጣብቆ ክፍል ትገባለች፤ ይህም ይዘገንነዋል።

አንድ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ 1,000,009 ብሎ ጻፈ።

«ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም ያለ ቀሪ አይካፈልም። የሺህ ካሬና የሦስት ካሬ ሲደመሩ እሱን ይሰጣሉ። ውበቱ ለሚገባው ሰው ነው እንግዲህ፤ ለእናንተማ የስልክ ቁጥር ነው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጁዋይሪያ ደብተሯን ይዛ ጠረጴዛው ድረስ መጣች።

«መምህር፣ ቁጥርዎ ተካፈለ።»

«ለስንት? ለሁለት?» አለ ቀና ሳይል።

«ለሁለት መቶ ዘጠና ሦስት።»

«ስልክሽ ነው የነገረሽ?»

«በእጄ ነው የሠራሁት። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከሦስት ጀምሬ አንድ በአንድ ሞከርኩ። እርስዎ እስከ ስንት ሞክረው ነበር?»

ሔሩይ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ሞክሮ ሰልችቶት ነበር የተወው። እስከ ሺህ መሄድ እንዳለበት ጠፍቶት አይደለም፤ ከእነዚህ መካከል ማን ይጠይቀኛል ብሎ ነው።

«ሂጂ ተቀመጪ» አላት።

ከክፍል እንደወጣ የመምህራን ማረፊያ ገብቶ ቁጥሩን ለ293 አካፈለ፤ 3,413 ደረሰ። ሁለቱን አባዛ። ልክ መጣ። ደግሞ አባዛ፤ ያው ነው። ከሁለቱ አካፋዮች ተነሥቶ ሲያሰላ፣ ቁጥሩ የ972 ካሬና የ235 ካሬ ድምርም ሆኖ ተገኘ። በሁለት መንገድ የሁለት ካሬዎች ድምር የሚሆን ቁጥር ብቸኛ ሊሆን እንደማይችል ዩኒቨርሲቲ ሳለ ተምሮታል። ጆሮው ጋለ።

ወሬው ከተማሪዎቹ የደረሰው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ረዳኢ በትከሻው በኩል ወረቀቱን አየ።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ተሳስተሃል ማለት ነው። ነገ ለተማሪዎቹ ንገራቸው።»

«ለጨርቅ ሻጮች?»

«ጨርቅ ሻጯ አይደለችም እንዴ ያገኘችው?» አለና ረዳኢ ሻዩን ይዞ ወጣ።

እሁድ ሔሩይ 293 × 3,413 ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። «ያለፈው ሳምንት ስሕተት ታርሟል» አለና ወደሚቀጥለው ርዕስ ሊያልፍ ሲል ጁዋይሪያ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ማን እንዳረመው አልተናገሩም፣ መምህር።»

«አንቺ ነሽ።»

«አንቺ ማን?»

ሔሩይ የስም መጥሪያውን አነሣና በጣቱ ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ እንደገና ወደ ላይ ወጣ። አርባ ሰው ያየዋል። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ጁዋይሪያ።»

ጻፈው። እሷም እስኪጨርስ ድረስ እንደ ትቢያ እያየችው ቆመች።