ማሞቂያው ያጣመመው መላጊያ

ከቤት ስንወጣ መላጊያው ደህና ነበር። የሥሩ ገጽ የሚላገውን ሳንቃ የሚነካው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ከፊት ጫፉና ከስለቱ አጠገብ። የቀረው ከወረቀት ባነሰ ልክ ጎድጎድ ያለ ነው። የብረት ማስመሪያ አጋድሜበት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤ አይቼዋለሁ። ስለቱን ወደ ውስጥ መልሼ በጥጥ ጨርቅ ጠቀለልኩትና መኪናው ውስጥ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት።

ስትሮክ ከመታኝ ወዲህ ግራ እጄና ግራ እግሬ አይታዘዙኝም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአየር ጠባይ ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እንጨት መላግ ግን ከልጅነቴ የያዘኝ ሱስ ነው። በእኛ አገር መላጊያን ወደ ራሳችን ነው የምንስበው፤ ሳንቃው ረጅም ሲሆን እየሳብን ወደ ኋላ እንራመዳለን። እኔ አሁን መራመድ ስለማልችል በቀኝ እጄ መላጊያውን እይዛለሁ፣ ባለቤቴ ቺዙ ተሽከርካሪ ወንበሬን ወደ ኋላ ትስባለች። «ፍጠኚ!» «ቀስ በይ!» እያልኩ ስጮህባት ከሳንቃው የሚወጣው ስስ ልጣጭ ሁልጊዜ መሃል ላይ ይበጠሳል።

በሂዳ ከተማ በሚደረገው ዓመታዊ የእንጨት መላግ ውድድር የሚያሸንፈው ከሁሉ የሳሳ ልጣጭ ያወጣ ነው። ማሸነፍ አላሰብኩም። ለወዳጄ ለዋካሱጊ ግን አፌን ከፍቼ ቃል ገብቼለታለሁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተበጠሰ አንድ ልጣጭ ካላወጣሁ መላጊያዎቼን በሙሉ ይወስዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

የውድድሩ አዳራሽ ደርሰን ጨርቁን ስፈታ እንጨቱ ትኩስ ነው።

«ቺዙ፣ የመኪናውን ማሞቂያ ወደ ታች አዙረሽዋል?»

«እግርህ በረዶ ሆኖ ነበራ! አንተ እንደሆን ታንኮራፋለህ።»

«ይቀዝቅዝ! እንጨቱ ደርቆ ተጣሟል እኮ!»

«እግርህ ቢበላሽስ ከየት ልታመጣ ነው?»

ማስመሪያውን አጋደምኩበት። ከስለቱ አጠገብ፣ ምንም መታየት በሌለበት ቦታ፣ ብርሃን አየሁ። በዚህ ሁኔታ ልጣጩ ገና ሲጀምር ይቀደዳል። የፊት ጫፉ መፋቅ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ አንድ እጅ መላጊያውን ይይዛል፣ ሌላው ይፍቃል።

ዋካሱጊ ለምሳ የያዘውን የሩዝ ድቡልቡል እያላመጠ መጣ። «ኢሳኩ፣ ለመላጊያዎችህ መደርደሪያዬን ጠርጌ ነው የመጣሁት።»

«ይልቅ ጥርስህን ጥረግ፤ ሩዝ ተለጥፎበታል።»

ሳቁን እየሰማሁ ወደ ቺዙ ዞርኩ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ «የእጅ ላብ ብረት ያዝጋል» እያልኩ መላጊያ አስነክቻት አላውቅም።

«ያዢልኝ።»

«ዛሬ ላብ የለኝም?»

«ቺዙ፣ በናትሽ።»

ጭኗ ላይ አድርጋ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። ፋቅሁ፣ ለካሁ፣ እንደገና ፋቅሁ። ተራዬ ሲጠራ በማስመሪያው ሥር ይታይ የነበረው ብርሃን ጠፍቶ ነበር። የቀረው ስለቱን በመዶሻ እየነኩ ማውጣት ነው። መነጽሬ በላብ ጉም ለበሰ፤ በችኮላ ደጋግሜ መታሁት።

«በቃ!» አለች።

«ገና ነው።»

«በቃ አልኩህ! ቤት ስትመታው ድምፁ እንዲህ ሲቀጥን ነው የምታቆመው። ወጥ ቤት ሆኜ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት እሱን አይደል?»

መዶሻው አየር ላይ ነበር። አንዴ ብደግም ደስ ይለኝ ነበር፤ አወረድኩት።

ሳንቃው ጥድ ነው። መላጊያውን ጫፉ ላይ አሳርፌ አፌን ዘጋሁ። ወንበሩን የምትስብበትን ጊዜ እሷው ትምረጥ አልኩ። ስለቱ መፉጨት ሲጀምር ወንበሩ ተንቀሳቀሰ፤ ፉጨቱ ሲወፍር ቀስ አለች፣ ሲቀጥን ጨመረች። ልጣጩ ከመላጊያው አናት ላይ እየወጣ ክንዴ ላይ ተኛ። ሊያልቅ ሲል ጎማው የምንጣፉን ጠርዝ ረገጠ፤ ወንበሩ ተንገጫገጨ፣ እጄ ተጫነ፣ ፉጨቱ ወፈረ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ዓይንህን ግለጥ፣ አንተ ሰውዬ» አለች ቺዙ።

ዋካሱጊ ድቡልቡሉን ኪሱ ከትቶ ልጣጩን ከዳር እስከ ዳር አየው። «ያን ሁሉ አቧራ በከንቱ ጠረግኩ» ብሎ አጉረመረመ።

ዳኛው ውፍረቱን በሦስት ቦታ በማይክሮን ለካው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። መጀመሪያው አሥራ አራት፣ መሃሉ አሥራ አምስት፣ ጎማው የተንገጫገጨበት መጨረሻው አርባ አንድ። ርዝመቱ እንደ ሳንቃው አንድ ሜትር ከሰማንያ።