ያልተጨፈረው ስለት

የአድባሩ ቤት ሐሙስ ይነሳል ከተባለ ወዲህ ቡንማ አርፋ መቀመጥ ተሳናት። ፓፓያ መውቀጥ ትጀምርና ዘነዘናውን ሙቀጫው ውስጥ ጥላ ትነሳለች። እስከ ግቢው በር ትሄድና ምን ልታይ እንደሄደች ጠፍቷት ትመለሳለች። ጠዋት የቀየረችውን የአድባሩን አበባ ረፋድ ላይ እንደገና ትቀይራለች። ለምትሸጠው የፓፓያ ሰላጣ የተሰለፉት ተማሪዎች ሆዳቸውን ይዘው ይጠብቋታል።

«እትዬ ቡንማ፣ ኧረ በናትሽ ክፍል ልንገባ ነው!»

«ግቡ! ማን ያዛችሁ?»

«ርሃብ!»

«እንግዲያ ከርሃባችሁ ጋር እየተጫወታችሁ ጠብቁኝ።»

ዘበኛው ቱይ ከወንበሩ ሳይነሳ ይስቃል። ቱይን ከተቀመጠበት የሚያነሳው ዝናብና ምሳ ብቻ ነው። «አድባሩን ተከትላ ሰማይ ልትወጣ ነው እኮ» ይላቸዋል። «ከእንግዲህ ሰላጣችሁን በገመድ ነው የምታወርድላችሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በቶንቡሪ ሰፈር በቦዩ ዳር ያለው ይህ የንግድ ዩኒቨርሲቲ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሊያሠራ ነው። የአድባር ቤት ላይ ደግሞ የሕንፃ ጥላ አይወድቅም፤ አድባሩን ያስቀይማል። እስከ ዛሬ ሕንፃ በተጨመረ ቁጥር ያችን በአንድ እግሯ የቆመች፣ ከእርግብ ቤት ብዙም የማትበልጥ የእንጨት ቤት ከጥላ እያሸሹ ከጥግ ጥግ ሲያዞሯት ኖሩ። የአሁኑ ሕንፃ ግን ጥላው ግቢውን ሁሉ አልብሶ ቦዩን የሚሻገር ነው፤ መሸሻ የለም። ስለዚህ አድባሩ በጸሎት ይሰናበታል። ሕንፃው ሲያልቅ ጫፉ ላይ የእምነበረድ ቤት ተሠርቶ አዲስ አድባር ይጠራበታል። አሮጌዋ ቤት በአቅራቢያው ካለው ቤተ መቅደስ ጓሮ ዋርካ ሥር ትጣላለች፤ ያረጁ የአድባር ቤቶች ሁሉ ማለቂያቸው እዚያ ነው።

ቡንማን እንቅልፍ የነሳት የቤቲቱ መጣል አይደለም። እንጨት ያረጃል። የነሳት የመምህር ኡዶም ስለት ነው።

መምህር ኡዶም የዚህ ሁሉ ነገር መሥራች ናቸው። ሲጀምሩ የነበራቸው ከአንድ የኑድል ቤት በላይ የተከራዩት ጠባብ ፎቅና ጥቂት አሮጌ የጽሕፈት መኪናዎች ናቸው። የታይፕ ትምህርት ቤት ነበር። ቡንማ ያኔ ከገጠሩ ከኢሳን ገና የመጣች ልጅ ናት፤ ኑድል ቤቱ ውስጥ ሳህን ታጥባለች፣ ፓፓያ ትወቅጣለች። የሾርባው እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል፤ የታይፑ ቀጭ ቀጭታ ወደ ታች ይወርዳል። ተማሪዎቹ ልብሳቸው ነጭ ሽንኩርት እየሸተተ ቢሮ ተቀጠሩ። ከዚያ መምህር የሒሳብ አያያዝ ጨመሩ። ቀጥሎ የኑድል ቤቱን ራሱን ገዙና ቡንማንም ከነሙቀጫዋ አስቀሯት። ቀጥለው በቦዩ ዳር የነበረውን የኮኮናት እርሻ ገዝተው የማታ ትምህርት ቤት ሠሩ፤ ትምህርት ቤቱ ኮሌጅ ሆነ። ሰውየው ማረፍ የሚባል ነገር አያውቁም። አንዱ ግድግዳ ሳይደርቅ ሌላውን ያስለካሉ።

ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ይባል ዘንድ ለመንግሥት ባመለከቱ ጊዜ ግን ነገሩ እንቢ አለ። መርማሪዎች ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱ መጻሕፍቱ አነሱ ይላል፤ ሌላው መምህራኑ ወጣት ናቸው ይላል። አንድ ዝናባማ ጠዋት መምህር በአድባሩ ቤት ፊት ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ቡንማ ጃንጥላ ይዛላቸው ነበር።

«ይህ ቤት ዩኒቨርሲቲ ከተባለልኝ» አሉ፣ «በተማሪዎቼና በመምህራኔ ፊት፣ አበባ አንገቴ ላይ አስሬ፣ በራሴ እጅና በራሴ እግር እጨፍርልሃለሁ።»

ቡንማ ሳቋ አመለጣት። መምህር ኡዶም እኮ መሐረባቸውን እንኳ ተኩሰው የሚይዙ፣ በሰው ፊት አፋቸውን ከፍተው የማያዛጉ ሰው ናቸው።

«ምን ያስቅሻል?»

«የአሳማ ጭንቅላት ቢሳሉ ምን ነበረበት መምህር? ሰው ሁሉ የሚሳለው እሱን አይደለም?»

«የአሳማ ጭንቅላት ማንም ያመጣል። ትልቅ ነገር ስትለምኚ የምትሰጪው የሚከብድሽን ነው።»

ስለቱ ደረሰ። ፈቃዱ መጣ፣ ሰሌዳው ተሰቀለ። ሰሌዳው የተሰቀለ ዕለት ባለሥልጣን ስለነበረ «ነገ» አሉ። በነጋታው የተቀጠሩ ጨፋሪዎች ከአሳማ ጭንቅላትና ከቀይ ለስላሳ ጋር አስመጡና ራሳቸው ቢሮ ገብተው በሩን ዘጉ።

ቡንማ ዝም አላለችም። ዝም ማለት የሚባለውን ነገር እናቷም አላስተማረቻት። በየዓመቱ ትጠይቃቸዋለች። «የቤተ መጻሕፍቱ ሕንፃ ይመረቅና» ይሏታል። እሱ ሲመረቅ «የሁለተኛው ዲግሪ ፈቃድ ይምጣና» ይሏታል። ነገሩ የገባት ቆይቶ ነው። የተሳሉ ጊዜ ተማሪውም መምህሩም ተጠራርቶ አንድ አዳራሽ አይሞላም ነበር። ቤቱ ባደገ ቁጥር የሚያፍሩበት ዓይን በዛ። በጊዜው ቢጨፍሩት ኖሮ ለትንሽ ጉባኤ ነበር፤ አሁን የከተማ ያህል ሰው ነው።

መምህር አርጅተው ሥልጣኑን ለልጃቸው ለዶክተር ራቻኒ ሰጡ። ወዲያው እጃቸውን በሽታ ያዘው። ጣቶቻቸው ከጉልበታቸው ላይ አያርፉም፤ ቀን ተሌት የማይታይ ታይፕ እንደሚመቱ ይንቀጠቀጣሉ። ሐኪሞቹ የነርቭ ነው አሉ። ቡንማ ደግሞ «እጅ የገባውን ቃል ያውቃል» አለች፤ ማንም አልሰማትም።

ሰኞ ለታ ሾርባ ልታጠጣቸው አሮጌው ሕንፃ በረንዳ ላይ ወጣች። በተሽከርካሪ ወንበራቸው ተቀምጠው ቁልቁል ያችን የእንጨት ቤት ያያሉ።

«ሐሙስ ነው አይደል?» አሉ።

«ሐሙስ ነው።»

«እላይ የሚገባው ይኸው የኛው ነው ወይስ ሌላ?»

«ሌላ ነው ይላሉ። የኛው ተሰናብቶ ይሄዳል።»

ጣቶቻቸው ብርድ ልብሱን ይቆነጥራሉ። «እንግዲያ ስለቴን ለማን ነው የማስገባው? መጪው አያውቀኝም። ሂያጁ ደግሞ ውሸታም ብሎኝ ነው የሚሄደው።»

ቡንማ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ጣለችው። ያን ሁሉ ዓመት ስትነዘንዛቸው አንድ ቀን እንኳ «ስለቴ» ብለው በአፋቸው አልጠሩትም ነበር።

ሳህኗን ይዛ በቀጥታ ወደ ፕሬዚዳንቷ ወደ ራቻኒ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊዋ «ቀጠሮ አለሽ?» ስትላት «ሕፃን ሆና ንፍጧን ስጠርግ ቀጠሮ አልያዝኩም» ብላ ገባች።

«ኑይ» አለቻት። ኑይ የራቻኒ የቤት ስሟ ነው። «ሐሙስ አባትሽ ይጨፍራሉ።»

ራቻኒ መነጽሯን አወለቀች። «ምን ያደርጋሉ?»

ቡንማ ጃንጥላውን፣ ጭቃውን፣ ቃሉን ሁሉ ነገረቻት።

«እትዬ ቡንማ፣ ሐሙስ ከቻይና ሽርኮቻችን ይመጣሉ። ያለ እነሱ ሕንፃው የለም። አባባ ቆመው መሄድ አይችሉም። ቢወድቁስ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እየተንቀጠቀጡ፣ ተማሪው ሁሉ በስልኩ ሲቀርጻቸው? ይህን ያህል ዘመን ተከብረው ኖረው መጨረሻቸው መሳቂያ ይሁን?»

«መሳቂያ እንደሚሆኑ አውቀው ነው እኮ የተሳሉት። ያለዚያ ስለት አይሆንም ነበር።»

«ጨፋሪዎች ቀጥሬያለሁ። ምርጦቹን።»

«አንቺ ለመግቢያ ፈተና ቅርጫት ሙሉ የተቀቀለ እንቁላል ስትሳዪ ማን ላጠው?»

ራቻኒ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ታስተካክል ጀመር።

«ቅርጫት ሙሉ! ላግዝሽ ስልሽ ‹እኔ ነኝ የተሳልኩት፣ እኔው እልጣለሁ› ብለሽ ጥፍርሽ እስኪላላ የላጥሽው ማን ሆነሽ ነው?»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ።»

«ልጅ ሆነሽ ይሻልሽ ነበር።»

«በቃ እትዬ ቡንማ። አባባ በረንዳ ላይ ሆነው ያያሉ። ከዚያ አይወርዱም። አለቀ።»

ማክሰኞና ረቡዕ ቡንማ ለሦስት ሰው የሚበቃ በርበሬ በአንድ ሰላጣ እየጨመረች ተማሪውን ስታስለቅስ ሰነበተች።

ሐሙስ ደረሰ። ግቢው በድንኳንና በቢጫ ጨርቅ አሸብርቋል። የሕንፃው ሥዕል በትልቅ ሸራ ላይ ተሰቅሏል፤ ደመና ሁሉ ተስሎለታል። እንግዶቹ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ተማሪው ከኋላ ባሕር ነው። ነጭ የለበሰው የጸሎት አዋቂ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ለአድባር መነሻ መልካሟ ሰዓት አጭር ናት፤ ካለፈች አለፈች። ቡንማ የዕጣን እንጨቶቹን ለኩሳ አሸዋው ላይ ሰካች። እነሱ ተቃጥለው ሲያልቁ አድባሩ በልቶ ጠገበ፣ ሄደ ማለት ነው።

ከበሮው ሲጀምር ቀና ብላ በረንዳውን አየች። ቱይ ከመምህር ጎን ተቀምጦ የተሽከርካሪ ወንበሩን እጀታ ግጥም አድርጎ ይዟል። ፕሬዚዳንቷ አዛዋለች። ያን ጊዜ የቡንማ እግር አላስቆማት አለ፤ ደረጃውን እየዘለለች ወጣች።

«ልቀቅ።»

«አልችልም። እንጀራዬ ነው።»

«እንጀራህ? ከነገ ጀምሮ ምሳህን ከየት ነው የምትበላው?»

ቱይ አሰበ። ከግቢው ውጭ ያለው ምግብ ቤት ሩቅ ነው፤ ለዚያውም ዳገት የሆነ ድልድይ አለበት። «ደሞዝ የምትከፍል አለቃ፣ ምሳ የምታበላ አለቃ…» እያለ አጉተመተመና እጁን አነሳ። ከዚያ በራሱ ፈቃድ ወንበሩን ከነሰውየው በአንድ በኩል ተሸክሞ ደረጃውን አወረደላት። ቱይ ከተቀመጠበት ለሦስተኛ ምክንያት ሲነሳ የታየው ያን ቀን ነው።

ጨፋሪዎቹ የሚመጣባቸውን ወንበር ሲያዩ ግራና ቀኝ ተከፍለው መንገድ ለቀቁ። ቡንማ መምህርን አድባሩ ፊት አድርሳ ከቤቲቱ ላይ የጃስሚን አበባ አነሳችና አንገታቸው ላይ አጠለቀችላቸው። ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል መነጨቁባት።

«በራሴ እግር ነው ያልኩት።»

ተነሱ። እንዴት እንደተነሱ ቡንማ አታውቅም። እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ጨፋሪዎቹ ጣታቸውን እንደ አበባ ቅጠል ወደ ኋላ ሲቆለምሙ የሳቸው ጣቶች ያንኑ ታይፓቸውን በአየር ላይ ይመታሉ። አንድ እግር አነሱ፣ አስቀመጡ። ሌላውን ጎተቱት። ከኋላ አንድ ተማሪ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ፤ ስልኮች ወጡ። መምህር ሰሙ። ጆሯቸው ቀላ። አላቆሙም።

«ሰዓቱ ያልፋል!» አለ የጸሎት አዋቂው።

«አድባሩ ሲጠብቅ ስንት ዘመን አለፈበት» አለች ቡንማ። «እርስዎም ትንሽ ይጠብቁ!»

ከዚያ ራቻኒ ከእንግዶቹ መካከል ተነስታ ስትመጣ አየቻት። ልታስቆማቸው ነው ብላ ቡንማ መንገዱ ላይ ቆመች። ራቻኒ ግን ዞራት አለፈች። ከአባቷ ጀርባ ሄዳ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን እንደሚከተሉት ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ ሳትነካቸው፣ በሄዱበት ትሄድ ጀመር። ጫማዋ የረገጡትን ይረግጣል። ሳቁ ቀስ በቀስ እየሳሳ ጠፋ። ከእንግዶቹ አንዱ ወፍራም ሽማግሌ የፕሮግራሙ አካል መስሎት ብድግ ብሎ ከከበሮው ጋር ማጨብጨብ ጀመረ፤ የተቀሩትም ተከተሉት። አጨብጫቢው ሲበዛ መምህር ደፈር አሉና ዞር አሉ። ሙሉ ዙር። መጨረሻው ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ የልጃቸው እጅ ላይ ወደቁ።

ወንበራቸው ላይ አስቀመጧቸው። ዕጣኑ አልቆ አመዱ ወደቀ። ሰዎቹ ያችን የእንጨት ቤት ከምሶሶዋ ላይ አንስተው በነጭ ጨርቅ ጠቀለሏት። ሥፍራው ላይ የቀረው ባዶ ምሶሶና የለስላሳ ጠርሙስ ብቻ ነበር።

«ተቀበለኝ?» አሉ መምህር።

«እኔን ምን ይጠይቁኛል፣ ዳኛው ሄዷል» አለች ቡንማ። ግን እጃቸውን አየች። ሁለቱም ጭናቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር፤ ይሁን ድካም፣ ይሁን ሌላ። ልቧ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ቁጭ አለላት። እሷም ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

ብዙ አልቆየም። መምህር ቀና ብለው በሸራው ላይ የተሳለውን ሰማይ ጠቀስ ያያሉ። ከሥር ወደ ላይ፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ ዓይናቸው ይወጣል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀኝ እጃቸው አንድ ጣት ብቻ አነቃነቀ። ከንፈራቸው ተላወሰ።

«ይህ ሕንፃ ቆሞ ጫፉን በዓይኔ ካሳየኸኝ…»

ቡንማ ከተቀመጠችበት ተስፈንጥራ አፋቸውን በመዳፏ ከደነችው።

«ምን አሉ?» አለች ራቻኒ ጎንበስ ብላ።

«ምንም። ውሃ ጠምቷቸው ነው። ሂጂ፣ እንግዶችሽ ይጠብቁሻል።»

ከመዳፏ ሥር ግን ከንፈራቸው አላረፈም፤ ይሄዳል፣ ይሄዳል።