የኤቢሴ አንገት

ፎቶዬን ኮሌጁ በር ላይ ተሰቅሎ ያየሁ ቀን ደሜ ፈላ። ከሥሩ «የኮሌጃችን ኩራት፣ ፊዚዮቴራፒስት ዶርቃስ ተሬፋ» ይላል። ሊያባርሩኝ ምንም ያልቀራቸው ሰዎች!

አምቦ ውስጥ የታመመ ወገብና አንገት እያከምኩ ነው የምኖረው፤ ስሜን ሰምቶ ከሩቅ የሚመጣም ሰው አለ። ሙያዬን እወደዋለሁ። የተማርኩበትን ኮሌጅ ግን በኤቢሴ ምክንያት እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ኤቢሴ የእጃጂ ከተማ ልጅ ናት፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር የምንማረው። ሦስተኛ ዓመት ላይ መምህራችን ሶፎንያስ የአንገት ሕክምና ሊያሳየን እሷን አልጋ ላይ አስተኛት።

«አንገቴን አሞኛል፤ እጄንም እየደነዘዘኝ ነው» አለችው።

«ፈሪ አትሁኚ፣ ዘና በይ» ብሎ ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ይዞ ድንገት ጠመዘዘው። ጮኸች። ከአልጋው ስትነሳ ቀኝ እጇ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

ኮሌጁ «ደረጃ ላይ ወድቃ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ያየሁትን ልናገር ዲኑ ዘንድ ገባሁ። ዲኑ ኦቦ ሞቱማ በሩን ዘጉና «ልጄ፣ መመረቅ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። ያየሁትን ደግሜ ነገርኳቸው። በዚያው ዓመት ሶፎንያስ የተግባር ፈተና ላይ ጣለኝና ዓመቱን ደገምኩ። ኤቢሴ ትምህርቷን አቋርጣ አገሯ ገባች።

እነዚህ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ዘንድሮ «በምረቃው ቀን ንግግር አድርጊልን» ብለው የጠሩኝ። መጀመሪያ እጃጂ ወረድኩ። ኤቢሴ መንገድ ዳር ባለችው ሱቋ ውስጥ በግራ እጇ ሳሙና እየደረደረች አገኘኋት።

«ዶርቃስ! አካም ጅርታ?» ብላ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠይቃ ሳመችኝ። የመጣሁበትን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«አብረን እንሂድ» አልኳት።

«እዚያ ግቢ እግሬ አይረግጥም። አንቺ ተናገሪ። ግን ምስኪን ኤቢሴ እንዳትይኝ! ያደረገውን ተናገሪ፤ ስሙን ጥሪው።»

«ያንቺንስ ስም?»

«ጥሪው! ምን አጥፍቼ ነው የምደበቀው?»

በምረቃው ቀን ድንኳኑ አበባ በያዙ ወላጆች ሞልቷል። ሶፎንያስ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኖ፣ ጋውን ለብሶ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ስጀምር ፈገግ ብሎ ነበር። «ኤቢሴ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ» ስል ፈገግታው ጠፋ። አልጋው ላይ የሆነውን መናገር ስጀምር ማይኩን አጠፉብኝ። እኔም ያለ ማይክ ጮህኩ፤ «ደረጃ ላይ አልወደቀችም! አሞኛል እያለችው ሶፎንያስ ነው አንገቷን የጠመዘዘው!»

«ውሸታም! ስሜን ልታጠፊ ነው የመጣሽው!» ብሎ ተነሳ።

ያን ጊዜ ከተመራቂዎቹ መካከል ሃቦኔ የምትባል ልጅ ቆመች። «አልዋሸችም» አለች። «አምና እኔንም እያመመኝ እንደዚያው አድርጎኛል።» አባቷ አበባውን ወንበር ላይ ጥሎ ወደ ሶፎንያስ ሲሄድ ጥበቃዎች ያዙት።

በማግስቱ ፎቶዬን አወረዱት። ሶፎንያስን «ለጊዜው የተግባር ትምህርት እንዳያስተምር» ብለው አገዱት። ኃላፊነቱን ግን አልነኩበትም! ለኤቢሴ ደውዬ ነገርኳት።

«ይኸው ነው?» አለች።

«እሱማ እንዴት ይበቃል! እኔና ሃቦኔ ልንከሰው ነው።»

«ሰኞ ጠዋት አምቦ መናኸሪያ ጠብቁኝ» አለች፤ «ከሳሿ እኔ ነኝ።»