ፍየሏ ደህና ናት

አራት እሑድ ሙሉ ደብሪቱ እጇን ስታነሣ ያየላት የለም። አላየናትም ቢሉ ውሸት ነው፤ እሷን የምታህል ሴት ግድግዳም ያያታል። የጉባኤው መሪ ዓባይነህ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ዓይኑን በራሷ ላይ አሻግሮ ማይኩን ለተማሩት ይሰጥ ነበር። ፊደል ስላልቆጠረች እግዚአብሔር የሚያደርግላት ነገር የሌለ ይመስለዋል።

በአምስተኛው እሑድ ግን እስኪሰጣት አልጠበቀችም፤ ተነሥታ ማይኩን ከእጁ ወሰደችው። ፍራንክፈርት፣ ኦስትኤንድ ሰፈር ያለውን አዳራሽ የሚያከራዩአቸው ጀርመኖች በየወሩ መጀመሪያ አብረዋቸው ስለሚያመልኩ፣ በዚያ ቀን የሚነገረው ሁሉ ይተረጎማል። ተርጓሚዋ ሣራ ፌኸንሃይም ባለው ፋብሪካ የሥራ ተራዋ ደርሶ ገብታ ነበር። ዓባይነህ ዙሪያውን አየና የደብሪቱን የልጅ ልጅ ሚልካን ጠራት። ሚልካ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አማርኛዋ ኩሽና ድረስ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ትሰምጣለች።

የሚልካ እናት ሮማን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ አማቷን በዓይኗ ለመነቻት። ልመናው አዲስ አልነበረም። የሚልካ አባት ኢዩኤል ስለ እምነቱ ታስሮ እዚያው እስር ቤት ሞቷል። ሮማን ግን ልጅቷን አባትሽ አውስትራሊያ ነው፣ ወረቀቱ ሲያልቅለት ይመጣል እያለች ነው ያሳደገቻት። ትምህርቷን እስክትጨርስ እንዳይነገራት ደብሪቱን ቃል አስገብታታለች። ደብሪቱም ቃሏን ልትጠብቅ፣ ስም ሳትጠራ ልትመሰክር ነበር የተነሣችው።

እንግዲህ ስለ ፍየሏ። ያን ጊዜ ፍራንክፈርት ውስጥ በየምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በቴሌቪዥን የሚመጣ የካርቱን ቤተሰብ ነበር፤ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለአንድ ጥርስ አያት አለችበት። ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ረሃቡ፣ ስለ ቀበረቻቸው ባሎች ታወራለች፤ ቤተሰቡ ያንኮራፋል፤ እሷም መጨረሻ ላይ «ፍየሏ ግን ደህና ናት» ትላለች። ይኸው ነው ቀልዱ። ከዚያች ሳጥን ወጥቶ ከተማውን ወረሰው። ካናቴራ ላይ ተጻፈ፤ ኖርድኤንድ ሰፈር ያሉ ካፌዎች ኩባያ ላይ አተሙት፤ ትራም ሲዘገይ ሰዉ እየተያየ ፍየሏ ደህና ናት ለማለት ዴር ጺገ ጌትስ ጉት ይባባላል። ኤርትራዊው ባለሱቅ ተኽለ እንኳን ሚዛኑ ሲበላሽበት ይላታል። ደብሪቱ ከጀርመንኛ የምታውቀው አምስት ቃል ቢሆን አራቱ እነዚሁ ናቸው። ሶፋው ላይ ከሚልካ አጠገብ ተቀምጣ ትስቅ ነበር። ሚልካ በክርኗ እየጎሸመች «ይቺ አንቺ ነሽ» ስትላትም ትስቅ ነበር።

ደብሪቱ መሰከረች። አንድ ልጅ ነበረኝ አለች። ሹራብ ሠርቼለት ነበር፤ ግራ እጅጌው ላይ ክር አለቀብኝና በቀይ ጨረስኩት። ሲያስሩት ለብሶት ነበር። ይሙት ይኑር ሳላውቅ ሰባት ዓመት ጸለይኩ። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ አንድ የእስር ቤት ዘበኛ ደጄን አንኳኳ፤ ያን ሹራብ ለብሶ ነበር። አስገባሁት፣ አበላሁት፣ ይቅር አልኩት።

ረጅሙን ነገር ሚልካ በሦስት ቃል ትጨርሰዋለች። ግማሹ አልገባትም፤ አልገባኝም ማለት ደግሞ ከኋላ በተቀመጡት ጓደኞቿ ፊት ሞት ነው። ስለዚህ ድምፅዋን እንደዚያች ባለአንድ ጥርስ አንቀጠቀጠችው። የኋላው ረድፍ ማንኮራፋት ጀመረ። ደብሪቱ ይቅር አልኩት ብላ ስትዘጋ ሚልካ «ዴር ጺገ ጌትስ ጉት» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጀርመኖቹ ሳቁ፤ ዓባይነህም ከንፈሩን ነክሶ አቀረቀረ።

ዘበኛውን ይቅር ማለት እንኳን ይህን ያህል አልከበዳትም ነበር።

ዓባይነህ ተባረኩ እማማ፣ ይበቃል ብሎ ማይኩን ሊቀበላት ሲዘረጋ እጁን መታችው። ሮማን ብድግ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ እባክዎ ማለቷ ነው። ደብሪቱ አየቻት፤ አይታም ተወቻት። ከዚያ ኩሽና ድረስ በሚዘልቀው አማርኛ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ሚልካ፣ ሹራቡ የአባትሽ ነው። አባትሽ አውስትራሊያ የለም። ሞቷል። እናትሽ ዋሽታሻለች።»

ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየጠፋ ሄደ። ጀርመኖቹ ብቻ ትርጉሙን እየጠበቁ ፈገግ እንዳሉ ቀሩ። ደብሪቱ ማይኩን ወደ ልጅቷ አፍ አስጠጋችው።

«በይ ተርጉሚ። አንድም ቃል እንዳታስቀሪ። ሲያልቅ ፍየሏንም ጨምሪበት።»