የተኔንቴው ጊታርና የእናቴ ክራር

ጎረቤቴ ሸዋአየሁ «የተኔንቴውን ጊታር የቃኘላት ዛሯ ነው» እያለች ይኸው ስንት ዘመኗ። እኔ ምንም ዛር የለብኝ። የነበረብኝ ሌብነት ነው።

ጣሊያን ጎንደር በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ቀሃ ኢየሱስ አጠገብ ጠጅ ቤት ክራር እየመታሁ እበላለሁ። ክራሯ የእናቴ ናት፤ ሌላ ያወረሰችኝ ምላሷን ነው። ከአጥራችን ማዶ ተኔንቴ ብሩኖ የሚባል መኮንን በረንዳው ላይ ጊታር ይዞ ይዘፍናል። ድምፁስ፣ ምን ልበላችሁ፣ እሾህ የተሰነቀረባት ፍየል። ይህንኑ አንድ ቀን በክራር ብዬው ጠጅ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። የሸዋአየሁ አፍ ወሬ አይቋጥር፤ ሮጣ ለአስተርጓሚው ለአያ ዳኛው ነገረች፣ እሱም ለጌታው። በማግስቱ ሁለት ወታደር መጥተው ክራሬን ወሰዷት።

ያለ ክራር ምን ልሠራ ነው፣ የጠጅ ቤቱን ጋን ላጥብ? ሄጄ ብሩኖ እግር ላይ ወደቅሁ። እምቢ አለ። ስነሣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን መቃኛ ፊሽካ ነጠላዬ ውስጥ ከተትኋት። ስድስት ትንንሽ ቱቦ፣ እንደ ጥይት የተደረደረች። ቀድሞ በአጥሩ ቀዳዳ ሳየው አንዷን ይነፋል፣ አንዱን ክር ይወጥራል፤ ሌላዋን ይነፋል፣ ሌላውን ይወጥራል። ያለሷ ጆሮ የለውም።

ሳምንት ሳይሞላ አያ ዳኛው መጣ።

«ይመኙሽ፣ ለእሁድ ምሳ አለቃው ኮሎኔሉ ይመጣል። የጊታሩ ክር ላልቷል። ተኔንቴው ትቃኝልኝ ብሏል።»

«ምነው፣ እሱ ጆሮ የለውም?»

«አፍሽን ሰብስቢ።»

«እቃኛለሁ። ግን ክራሬ ትምጣ። እሳት ከጎረቤት ሳይጫር ይነዳል እንዴ? ድምፁን ከሷ ነው የምጭረው።»

ክራሬ ከዕቃ ቤት አቧራ ለብሳ ወጣች። በሰርጉ ቅኝት፣ በአንቺ ሆዬ፣ ቃኘኋት። ጊታሩም እንደሷ ስድስት ክር ነው፤ የክር መወጠሪያ ጆሮውን እየጠመዘዝሁ እሷ ያለችውን አስባልሁት። ለጣሊያን ዘፈን እንደማይሆን ጠፍቶኝ አይደለም። ስጨርስ ክራሬን ነጥቀው መልሰው ቆለፉባት።

እሁድ ኮሎኔሉ ከነሚስቱ መጣ። እኔና ሸዋአየሁ ቀዳዳዋ ላይ እንገፋፋለን። ብሩኖ ፀጉሩን ቅባት አጥግቦ ብድግ አለና መዳፉን በክሮቹ ላይ አንዴ ጠረገ። የሰርግ ቤት ሆነ። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ሳያስቡት አጨበጨቡ፤ ውሃ ቀጂዋ ሐረገወይንማ እንስራዋን አውርዳ ትከሻዋን ለቀቀችው። ጣቶቹን እንደ ልማዱ አሳርፎ ዘፈኑን ሲጀምር ደግሞ ጊታሩ ጭራዋን የተረገጠች ድመት ሆነ። የኮሎኔሉ ሚስት በመሐረብ አፏን ያዘች።

«አለቀልሽ» አለችኝ ሸዋአየሁ፣ ደስ ብሏት።

ወዲያው ተጠራሁ። ብሩኖ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«አያ ዳኛው፣ እንዲህ በልልኝ» አልሁ። «ጊታሩ ክራሯን ለመደ። እሷ ብርድ ቤት ተቆልፋ ድምጿ ሲበላሽ የሱም ተበላሸ። እኔ ቤት ሙቀት ትደር፣ በየእሁዱ ይዣት መጥቼ እቃኝለታለሁ።»

«አንቺ የሰይጣን ቁራጭ» አለኝ በቀስታ። ግን አንድም ሳያስቀር ተረጎመው፤ እሱም እኮ በዚያ ድምፅ ጆሮው አልቋል።

ብሩኖ ኮሎኔሉን አየ፣ ጊታሩን አየ። መልሱን ዳኛው ነገረኝ፤ «አሁኑኑ ካስተካከልሽው ክራርሽን ትወስጃለሽ። ካላስተካከልሽው ሃያ ጅራፍ።»

«ሰው ባለበት አይቃኝም» አልሁና ክራሬንም ጊታሩንም ታቅፌ ዕቃ ቤት ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ሃያ ጅራፍ ቀልድ አይደለም። ነጠላዬን ተከናንቤ ፊሽካዋን ከብብቴ አወጣሁና ትንፋሽ በምታህል ድምፅ አንዷን ነፋሁ፣ ወፍራሙን ክር ወጠርሁ። ሁለተኛዋን ነፋሁ፣ ሁለተኛውን ወጠርሁ። እስከ ስድስት።

ስወጣ ብሩኖ መታው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ፍየሉም ዘፈነ፤ ኮሎኔሉም አጨበጨበ። እኔ ክራሬን አንግቤ በፊት ለፊት በር ወጣሁ።

ፊሽካዋ ዛሬም አለች። ዶሮዎቼን እጠራባታለሁ፤ ሦስተኛዋን ቱቦ ሲሰሙ ተጋፍተው ይመጣሉ። ሸዋአየሁ «ይቺን ነገር ከየት አመጣሻት?» ስትለኝ፣ «ያው ዛሩ ሰጥቶኝ» እላታለሁ።