እርዳታው የዘገየበት ዓመት

መምህርቷ በሁለት ሰዎች ክርክር መሃል እራቷን መብላት ከለመደች ቆይታለች። በአንድ በኩል ባሏ፣ በሌላው በኩል ታላቅ ወንድሟ። ባሏ የከተማው የውሃ ጣቢያ ዋና ቴክኒሻን ነው፤ ሰፈርተኛው «ባለ ፓምፑ» ይለዋል። ወንድሟ ጡረታ የወጡ ሻለቃ ናቸው። ድንበር አጠገብ የነበረው ቤታቸው በከባድ መሣሪያ ከፈረሰ ወዲህ እህታቸው ዘንድ ተጠግተው፣ በልጇ ክፍል፣ በልጇ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ልጁ ግንባር ነው። ጢሙን መላጨት ከጀመረ ዓመታት ቢያልፉም ቤት ውስጥ እስካሁን ማሙሽ ነው የሚባለው።

ክርክሩ የሚጀመረው ሬዲዮው ዜናውን ሲጨርስ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ዜናው ሁሌ አንድ ነበር። ባሕር ማዶ ያለው የለጋሹ አገር ምክር ቤት እርዳታውን እንቀጥል ወይስ ይብቃን እያለ ይከራከራል። ጥይቱም፣ መድኃኒቱም፣ የፓምፑ መለዋወጫ ሳይቀር የዚያን ምክር ቤት ድምፅ ይጠብቃል።

ሻለቃው እርዳታው እንደሚጸድቅ አንዳች ጥርጣሬ አልነበራቸውም። ከጸደቀ ደግሞ ጠላት ዓመት አይቆምም ባይ ናቸው። የጨው ዕቃውን ኮረብታ፣ ማንኪያውን ወንዝ አድርገው ጦሩ በየት በኩል እንደሚሻገር ገበታው ላይ ያሳያሉ። ባለ ፓምፑ ወንዙን ያነሳና ሾርባውን ይጠጣበታል።

የእሱ ሐሳብ ሌላ ነበር። ይህ ጦርነት ዛሬ ቢቆምም ከዓመታት በኋላ ቢቆምም የሚቆመው አሁን ባለበት መስመር ላይ ነው ይል ነበር፤ ታዲያ ሰው እስኪያልቅ ምን ያስጠብቃል?

«የሚሰጡን እንዳንሞት ያህል እንጂ እንድንድን ያህል አይደለም» አለ አንድ ማታ። «ፓምፕ ይልኩና ኩሽኔታውን ያስቀሩታል። ፓምፑም አይዞርም፣ አልተሰጠንም ብለንም አናማም።»

«ባዶ እጁን ከተቀመጠ ሰው ጋር ማን ይደራደራል?» አሉ ሻለቃው። «መጀመሪያ ክንድህን አሳይ፣ ከዚያ ስለ ሰላም ታወራለህ።»

መምህርቷ ሁለቱም እውነት እንዳላቸው ታውቃለች፤ የሚያደክማትም እሱ ነው። አንዱ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምትቆጣው ሰው ታገኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ በትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ ጣሪያው ላይ ቧንቧ በሚያልፍበት ክፍል፣ ካፖርታቸውን ለብሰው የሚማሩ ልጆችን ስታስተምር ውላ ትመጣለች። ስለ ወንዝና ስለ ኮረብታ ለመስማት ጉልበቱም አልነበራት። «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ትልና ሳህኑን ከፊታቸው ታነሳለች።

በመሃሉ ከዚያው ምክር ቤት የተላኩ እንግዶች እርዳታቸው የት እንደሚገባ በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። ከሚጎበኙት አንዱ የውሃ ጣቢያው ነበር። አስተዳደሩ አስተርጓሚ ሲቸግረው መምህርቷን ጠራ፤ የእንግዶቹን ቋንቋ የምታስተምረው እሷ ናት። ሻለቃው ወሬውን እንደ ሰሙ የባለ ፓምፑን ኮት በገዛ እጃቸው ተኮሱ። ምስጋና እንዲያስቀድም፣ ቅሬታ እንዳያበዛ መከሩት። እሱ ግን የማምንበትን እናገራለሁ አለ፤ በጓዳም በአደባባይም አፌ አንድ ነው አለ። መምህርቷም ያን ቃል በሰው ቋንቋ መልሳ የምትናገረው እሷ መሆኗን እያሰበች አደረች።

ጣቢያው እንደ ወትሮው እርጥብ ነበር። መስኮቶቹ በአሸዋ ከረጢት ተደፍነዋል፤ ግድግዳው በጄኔሬተሩ ጭስ ጠቁሯል። ከፓምፖቹ አንዱ ብቻ ይሠራል፤ ሌሎቹ ሆዳቸው ተከፍቶ ብሎናቸው በቆርቆሮ ላይ ተደርድሯል። እንግዶቹ ጥይት የማይበሳው ሰደርያቸውን ለብሰው በሰልፍ ገቡ። ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠዋ ሴት የራስ ቁሯን አወለቀች። ፀጉሯ በላብ ተጣብቆ ነበር፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። መምህርቷ እሷንም ድካም እንዳደቀቃት አየች፤ ሳታስበው አዘነችላት።

ሴትዮዋ ስለ ፓምፑ ጥቂት ከጠየቀች በኋላ ወረቀቷን አጥፋ ወደ ባለ ፓምፑ ተጠጋች። የምጠይቅህ ለምክር ቤቱ ሳይሆን ለራሴ ነው አለች። የመረጠኝ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቀኛል፤ መልስ የለኝም አለች። መምህርቷ ተረጎመችለት፦

«ብንሰጣችሁስ፣ ይህ ነገር በምን ያልቃል?»

ባለ ፓምፑ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ጣት በጣት ጠረገው። ሚስቱ ማታ ማታ የምትሰማውን ነገር ሁሉ በልቧ መተርጎም ጀምራ ነበር፤ ባለበት ይቆማል፣ ሰው እስኪያልቅ ምን ያስጠብቃል።

«እናሸንፋለን በያት» አለ።

ቀና ብላ አየችው። እሱ አላያትም።

«እንዲያ ልበላት?»

«እንዲያ በያት። የቀረን ጥቂት ነው፣ ካገዙን እንጨርሰዋለን በያት።»

አለቻት። ሴትዮዋ አንገቷን ነቀነቀች፣ እጁን ጨበጠችው፣ የራስ ቁሯን መልሳ አጥልቃ ወጣች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ሄዱ። የፈረሰውን ፖስታ ቤት፣ ዳቦ ለመግዛት የተሰለፈውን ሰው አለፉ። በመጨረሻ ለምን ዋሸህ አላለችውም፤ ምን ነካህ ብላ ነበር የጠየቀችው።

«ማሙሽ እዚያ ነው» አለ። «ማታ ማታ የምለውን ብላት፣ እሷም አገሯ ገብታ ብትናገረው፣ እሱ ነገ ጥይት ከየት ያመጣል?»

ጥቂት ሄዶ ደግሞ፣ ለሻለቃው እንዳትነግሪያቸው አላት።

አልነገረቻቸውም። እሱም በእራቱ ሰዓት ምንም እንዳልተፈጠረ ያንኑ ክርክሩን ቀጠለ፤ ድምፁ ብቻ እንደ ድሮው አልነበረም። ሻለቃው ይህንን የመሸነፍ ምልክት አድርገው ወሰዱት፤ ደስም አላቸው።

ደስታቸው ግን አልበረከተም። ምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጥበትን ቀን አራዘመ፤ መልሶ አራዘመ። በመጨረሻ የጸደቀው የተጠየቀው ግማሽ ነበር፤ እሱም በየጊዜው እየታየ የሚላክ። በዚያው ሰሞን ሻለቃው ወጣት ሳሉ ያዘዙበት ኮረብታ በጠላት ተያዘ። ሬዲዮው ስሙን ሲጠራ እጃቸው ላይ የነበረውን ዳቦ አስቀመጡ። ለቀናት ገበታው ላይ ኮረብታም ወንዝም አልሠሩም። ከዚያ አንድ ማታ ድንገት፣ ምናልባት ባለ ፓምፑ ያለው ሳይሻል አይቀርም፣ ባለበት ቢቆም ይሻላል አሉ።

መምህርቷ ባሏ እፎይ ይላል ብላ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ይህን ሁሉ ሰው ከገበርን በኋላ ወዴት ነው የምንቆመው ብሎ ተነሳባቸው። ግማሹም ቢሆን መጥቷል፣ ቀሪውም ይመጣል፣ እንግዶቹን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገረው ያንኑ ሻለቃው ዓመቱን ሙሉ ሲሉት የነበረውን ነው። ሻለቃው ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው የእሱን የድሮ ቃል ይመልሱለታል። መምህርቷ ሁለቱን እያየች፣ ሳቅም ለቅሶም መጣባት። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ጦርነቱ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት። አንዱ የሚናገረው ስለ ኮረብታው፣ ሌላው ስለ ልጁ ነበር።

ማሙሽ በዚያ ወር መጨረሻ ባልታሰበ ቀን በቀትር መጣ። አጠገቡ የወደቀ ቦምብ ቀኝ ጆሮውን አደንቁሮታል፤ ሐኪሞች ለጦር አይሆንም ብለው አሰናብተውታል። እናቱ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ትከሻውን ነበር፤ የሽማግሌ ትከሻ ይመስላል። ሻለቃው አልጋውን ለቀው ሳሎን ሶፋው ላይ ተዛወሩ። እሱ ተኛ። ቀኑ ሲነጋም ሲመሽም ተኛ። እናቱ እየገባች አተነፋፈሱን ታዳምጣለች፤ አባቱ ከሥራ በመጣ ቁጥር ጫማውን አውልቆ በእግር ጣቱ እየረገጠ በበሩ ያልፋል።

ከገበታ አብሯቸው ሲቀርብ ሁለቱ ሰዎች ትንሽ ታገሡ። ዳቦውን እንዲጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ሻለቃው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አንተ እዚያ የነበርክ ሰው ነህ፣ እስቲ ንገረን አሉት። እርዳታው ግማሽ ሆኗል፤ ታዲያ በምን ያልቃል ትላላችሁ?

ልጁ አልሰማም ነበር። ጭንቅላቱን አዙሮ በደህናው ጆሮው ድጋሚ አስባላቸው።

«እዚያ ስለሱ አናወራም፣ አጎቴ» አለ።

«ታዲያ ስለ ምንድነው የምታወሩት?» አለ አባቱ።

ማሙሽ ትንሽ አሰበ። «ስለ ካልሲ» አለ። «እግራችን አይደርቅም ነበር። እርዳታ መጣ ሲባል ሁሉም የሚጠይቀው ካልሲ አለው ወይ ብሎ ነው። ጓደኛዬ የመጣለትን አዲስ ካልሲ በኪሱ ይዞ ነበር የሞተው፤ ለደረቅ ቀን ብሎ።»

ባለ ፓምፑ ተነስቶ ሬዲዮውን ዘጋው።

ጦርነቱ በዚያ ዓመት አላለቀም። በሚቀጥለውም አላለቀም። መስመሩ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ አለ እንጂ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ሁለቱ ሰዎች መከራከር ጨርሰው አልተዉም፤ ግን አንዱ ሲጀምር ሌላው ልጁን ገልመጥ አድርጎ ያይና ነገሩን ያሳጥረዋል። ሻለቃው አንዳንዴ በልጁ ግራ በኩል ተቀምጠው፣ ድሮ አብረዋቸው ስላገለገሉ ሰዎች ይነግሩታል። ማን ያንኮራፋ እንደነበር፣ ማን መንገድ ይጠፋው እንደነበር። ማሙሽ ሲስቅ እናቱ ከወጥ ቤት ብቅ ትላለች።

ሌሎች እንግዶች በመጡ ጊዜ አስተዳደሩ ለማስተርጎም እንደገና መምህርቷን ጠራ። በስልኩ ውስጥ የሰውየው ድምፅ ያሳዝናል፤ እሱም የሰለቸ ሰው ነበር። ጥያቄው ያው እንደሚሆን፣ መልሱንም እሷ እንደምትናገረው አወቀች። ሌላ ሰው ፈልጉ አለችው፤ ክፍል አለኝ አለችው። እውነቷንም ነበር። ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ ልጆቹን ሲያነቡ አዳምጣ፣ የተሳሳቱትን አርማ፣ ካፖርታቸውን አዝራር በአዝራር ቆልፋ ሸኘቻቸው። ስትወጣ ማሙሽ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ቦርሳዋን ተቀበላት፣ እሷም ስታወራው እንዲሰማት በግራው በኩል ዞራ አብራው ሄደች።